8 በ10 ወይስ 10 በ14? የውበት ሳሎን ክፍል ለምትከራዩ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሹሩባ እሠራለሁ፤ ኖትለስ፣ ቦክስ ብሬድ፣ ለበዓል ደግሞ አልባሶ። እስካሁን ሰው ሳሎን ውስጥ ግማሽ በግማሽ እየተካፈልኩ ነው የቆየሁት። አሁን የራሴን ክፍል ልከራይ ወስኜ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት አየሁ። አንደኛው 8 በ10 ፊት ነው፣ በሳምንት 275 ዶላር። ሌላው 10 በ14 ፊት፣ በሳምንት 410 ዶላር። ጥሩ ሳምንት ሲሆን 8 ሰው እሠራለሁ፤ ሲቀዘቅዝ 4። ከአንድ ሰው በአማካይ 180 ዶላር አገኛለሁ። ጓደኞቼ «ጠባቡን ይዘሽ ከምትጸጸቺ ሰፊውን ያዢ፣ ሥራው ራሱ ይመጣል» ይሉኛል። የአክስቴ ልጅም በቅርቡ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ እጀ ወርቅ ናት፤ አብራኝ ትሠራለች ብዬ አስቤአለሁ። የትኛውን ልያዝ?
*ሹሩባ ሠሪዋ፣ ከአሌክሳንድሪያ*

መልስ፦ ልጄ፣ ትንሹን ያዢ። ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳሽ፤ አለበለዚያ ጓደኞችሽ ነገ ሐሳብሽን ያስለውጡሻል።

አገር ቤት ሆነው ለሚያነቡን አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ አሜሪካ «ሳሎን ስዊት» የሚባለው አንድ ሰፊ ቦታ በግድግዳ ተከፋፍሎ፣ በርና ቁልፍ ባላቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ለፀጉር፣ ለጥፍርና ለፊት ሠሪዎች በተናጠል የሚከራይበት አሠራር ነው። ሶላ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተመሳሳዮች መጥተው በየከተማው ተስፋፍቷል። ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ነው የሚታሰበው። መብራት፣ ውሃና ኢንተርኔት ብዙ ቦታ ኪራዩ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዳንዱ ወንበርና የፀጉር ማጠቢያም ይጨምራል። ዋጋሽን ራስሽ ትወስኛለሽ፣ ሰዓትሽን ራስሽ ትይዣለሽ፣ ከገቢሽ የሚካፈልሽ የለም። ኪራዩ ግን ሰው መጣም አልመጣም ይከፈላል።

የክፍል ስፋት ስትመርጪ ከሁሉ በፊት ራስሽን የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ፦ ደንበኛዬ ወንበር ላይ እያለች እጄ ነጻ የሚሆንበት ሰዓት አለ ወይ?

ቀለም የምትቀባ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሰዓት አላት። ቀለሙን ቀብታ እስኪይዝ ግማሽ ሰዓትም አርባ አምስት ደቂቃም ትጠብቃለች። ቢጎዲን የምትጠቀልልም አላት፤ ደንበኛዋን ካስክ ውስጥ አስገብታ አንድ ሰዓት ያህል እጇ ባዶ ነው። እነዚህ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ይቆርጣሉ፣ ሌላ ሰው ያጥባሉ። ለእነሱ ሁለተኛ ወንበር ማለት ሁለተኛ ገቢ ነው፤ ስለዚህ ሰፊ ክፍል ያዋጣቸዋል። አንቺ ግን ሹሩባ ነው የምትሠሪው። ኖትለስ ስትጀምሪ እጅሽ ከዚያች ሴት ራስ ላይ የሚነሳው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነው፤ አራት ሰዓትም ይፍጅ ሰባት ሰዓት። ሁለተኛ ወንበር ብታስቀምጪ ቀኑን ሙሉ የደንበኛሽ ቦርሳ ነው የሚቀመጥበት። የአንቺን ገቢ የሚወስነው የወለሉ ስፋት ሳይሆን ሁለቱ እጆችሽ በቀን የሚችሉት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት በሳምንት 135 ዶላር ነው፤ በዓመት 7,020 ዶላር። ሳምንታዊ ኪራይን ወደ ወር ስትቀይሪ በ4 አታባዢው፤ ብዙ ልጆች ሲቸገሩ የማየው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ስላለው አምስት ክፍያ ያላቸው ወሮች ይመጣሉ። የትንሹ ክፍል ትክክለኛ የወር ወጪ 1,100 ሳይሆን 1,192 ዶላር ገደማ ነው፤ የትልቁ ደግሞ 1,640 ሳይሆን 1,777።

አከራዮቹ በእርግጠኝነት «ትልቁ በስኩዌር ፊት ሲታሰብ ይረክሳል» ይሉሻል። እውነት ነው። ትንሹ 80 ስኩዌር ፊት ስለሆነ እያንዳንዱ 3.44 ዶላር ይወጣዋል፤ ትልቁ 140 ስለሆነ 2.93። ግን አንቺ የምትሸጪው ሹሩባ ነው። ያልሠራሽበት 60 ስኩዌር ፊት ምንም ያህል ቢረክስ ትርፍ ወጪ ነው።

ኪራይን ሁልጊዜ በቀዝቃዛው ሳምንት መዝኚው። በጥሩ ሳምንትሽ 1,440 ዶላር ታስገቢያለሽ፤ ያኔ ትልቁም ትንሹም ቀላል ይመስላል። 4 ሰው ብቻ ሲመጣ ግን የምታገኚው 720 ነው። ትንሹ ክፍል ከዚያ ውስጥ ከመቶ 38 ይወስድብሻል፤ ትልቁ ከመቶ 57። ከሚተርፈው ላይ ደግሞ ዊግና ሂውማን ሄሩ፣ ቅባቱ፣ መድኑ፣ የመኪናው ነዳጅ አለ። አሁን በራስሽ ስም ስለምትሠሪ የግል ሠራተኛ ግብር የሚባለው 15.3 ከመቶ ከተጣራ ትርፍሽ ላይ ይታሰባል፤ የገቢ ግብሩ ከዚያ ሌላ ተጨማሪ ነው። ክፍያው በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር አጋማሽ ላይ በአራት ጊዜ ስለሚጠበቅ ገንዘቡን በየሳምንቱ ለይተሽ አስቀምጪ።

ቀዝቃዛው ሳምንት የእኛ ሰው ላይ መቼ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሠርግ የለም፤ ሙሽራ የለም፣ ሚዜ የለም። ከዚያ የፋሲካ ሰሞን ስልኩ አያስቀምጥም። ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጊዜ አጥተሽ የምትመልሺውን ሰው አይተሽ ክፍል አትምረጪ። ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ሰዓትሽን ከማለዳ ጀምሪ፣ ቀብድ ተቀበይ፤ ዓመቱን ሙሉ ግን በየሳምንቱ 135 ዶላር አትክፈዪባቸው።

«8 በ10 ይበቃኛል ወይ?» ካልሽ፣ ለአንድ ሹሩባ ሠሪ ይበቃል፤ ግን አቀማመጡ ነው የሚወስነው። በሜትር ለለመዳችሁ 2.4 በ3 ሜትር ማለት ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ያለው መደርደሪያና መስታወት ወደ 2 ፊት ይወስዳል። ከወርዱ 6 ፊት ቀረሽ። ወንበሩ ራሱ 2 ፊት ነው፤ ግራና ቀኝሽ ሁለት ሁለት ፊት ይተርፋል። ሹሩባ ሠሪ ደግሞ ከኋላ ብቻ አትቆምም፤ ወንበሩን ትዞረዋለች። ስለዚህ ያ 2 ፊት በጋሪም በቁም ሣጥንም መያዝ የለበትም። ሂውማን ሄርና የሹሩባ ፀጉር ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ስቀዪው፤ ወለል ላይ ምንም አታስቀምጪ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ 3 ፊት ያህል ጥግ ይበላብሻል፤ ተንሸራታች ከሆነ ግን ያ ቦታ የአንቺ ነው። ሁለት እኩል ስፋት ያላቸው ክፍሎች በበራቸው ብቻ በጣም ይለያያሉ።

በዊልቸር የምትመጣ ደንበኛ ካለችሽ ወይም እንዲኖርሽ ከፈለግሽ፣ በሩ ሲከፈት 32 ኢንች ነጻ ቦታ መስጠቱን ለኪ። ዊልቸር ሙሉ ለመዞር 60 ኢንች ክብ ቦታ ይፈልጋል፤ በትንሹ ክፍል ይህ የሚገኘው ወንበሩን ወደ ጥግ ገፍተሽ ብቻ ስለሆነ ወንበሩ የሚንቀሳቀስ መሆኑን እይ።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጊ እለምንሻለሁ። ቤትሽ ወለል ላይ በፕላስተር 8 በ10 ፊት ለክተሽ ምልክት አድርጊ። የመደርደሪያውን 2 ፊትም ለይተሽ አስምሪ። መሐሉ ላይ ወንበር አስቀምጪና ከመስመሩ ሳትወጪ አንድ ሙሉ ሹሩባ ሥሪ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ ጫፉ ሙቅ ውሃ ውስጥ እስኪነከር። ክርንሽ የት እንደሚመታ፣ ማበጠሪያሽን የት እንደምታስቀምጪ፣ ወገብሽ የት ላይ እንደሚጠመዘዝ ያኔ ታያለሽ። እኔ ክፍል ለሚመርጡ ልጆች ሁሉ ይህን አስደርጋለሁ፤ ከየትኛውም ምክር በላይ ውሳኔያቸውን ያጠራላቸዋል።

ስፋቱን ስታዪ መብራቱን አትርሺ። አንድ ተራ ፎን 1,875 ዋት ይስባል። የሹሩባውን ጫፍ የምትነክሪበት ውሃ ማፍያ 1,500 ዋት ያህል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ 3,375 ዋት ናቸው። 20 አምፒር የሆነ መስመር ቢበዛ የሚሸከመው 2,400 ዋት ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ከሰካሻቸው ብሬከሩ ይወርዳል፤ መስመሩን ከጎረቤት ክፍል ጋር የምትጋሪ ከሆነ ደግሞ የእሷም ይጠፋል። «ለዚህ ክፍል ብቻ ስንት መስመር አለው? ስንት አምፒር?» ብለሽ ጠይቂ። በዚህ በኩል ደህና መስመር ያለው ትንሽ ክፍል ደካማ መስመር ካለው ትልቅ ክፍል ይሻላል።

ሌላው የእኛ ሰው ጉዳይ ነው። አንዲት አበሻ ሹሩባ ልትሠራ ስትመጣ ብቻዋን አትመጣም፤ እኅቷ አለች፣ ልጅ አለ፣ አንዳንዴ እናቷም አሉ። 8 በ10 ውስጥ አራት ሰው አይሆንም። ሕንፃው ከውጭ የጋራ መቀመጫ አለው ወይ? ሕፃን ይፈቀዳል ወይ? ቡና በፔርሙዝ አምጥተሽ ማስተናገድ ትችያለሽ፤ ከሰልና ዕጣን ግን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮሃል፣ ውልሽም ሳይከለክለው አይቀርም። ደንበኛሽ ቀጠሮ ስትይዝ ከአንድ ሰው በላይ ይዛ እንዳትመጣ በትሕትና ንገሪያት፤ ቀድመው ካወቁ አይከፋቸውም።

አሁን ስለ አክስትሽ ልጅ። እጀ ወርቅነቷን አምናለሁ፤ ግን ክፍሉን በእሷ ሒሳብ አትከራዪ። የሥራ ፈቃዷ እጇ እስኪገባ ገንዘብ እየተቀበለች መሥራት የለባትም፤ ጊዜውም በእናንተ እጅ አይደለም። ፈቃዷ ሲመጣ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ገቢዋን ግማሽ በግማሽ ብትካፈሉ ከአንድ ራስ 90 ዶላር ለአንቺ ይደርስሻል። የ135 ዶላሩን ልዩነት ለመሸፈን በሳምንት ሁለት ራስ ያስፈልጋታል። እነዚያ ሁለት ራሶች ዛሬ ጊዜ አጥተሽ የምትመልሻቸው ደንበኞች ከሆኑ ትልቁን ያዢ፤ «ወደፊት ይመጣሉ» የምትያቸው ከሆኑ ጠብቂ። ውሉ ላይም አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው መሥራት እንደሚፈቀድ እይ። አንዳንዱ ሁለተኛ ሠራተኛ አይፈቅድም፤ አንዳንዱ ይፈቅድና ጭማሪ ያስከፍላል።

ትንሹን ስትይዢ አንድ ነገር በጽሑፍ አስገቢ፦ በዚያው ሕንፃ ሰፊ ክፍል ሲለቀቅ ያለ ቅጣት መዛወር እንድትችዪ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነጻ የሚሰጡም አሉ፤ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኪራዩ በየዓመቱ ስንት እንደሚጨምርም አጻጽፊ።

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሹሩባ ብቻ ለሚሠራ ሰው የሙያ ፈቃድ አይጠይቅም። ቀለም፣ መቁረጥና ኬሚካል ከጨመርሽ ግን ፈቃድ ያስፈልግሻል። ሕጉ ባይጠይቅም አከራዩ የመድን ማስረጃ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ እሱን ቀድመሽ አዘጋጂ።

ጥያቄ፦ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር እኅትማማች ነን። እኔ ፀጉር ነው የምሠራው፣ ቀለም፣ ፎንና ቢጎዲን። ታናሼ ጥፍር ትሠራለች። አንድ 10 በ16 ክፍል በሳምንት 480 ዶላር አብረን እንያዝ ወይስ እያንዳንዳችን በ260 ትንንሽ እንያዝ? አንድ ላይ ብንሆን ደስ ይለናል፤ ይረክሳልም።
*እኅትማማቾቹ*

መልስ፦ የሚረክሰው በሳምንት 40 ዶላር ነው። በዓመት 2,080 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ እኔ ግን ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎችን ፈልጉ እላለሁ።

የአክሪሊክ ፈሳሽ ሽታው ከባድ ነው፤ የጥፍር ሞረዱ ብናኝም አለ። የአንቺ ደንበኛ ካስክ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጣ ያንን ስትተነፍስ ዝም ትል ይሆናል፤ ሁለተኛ ግን አትመጣም። ታናሽሽ አየር የሚስብ ጠረጴዛ ያስፈልጋታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሕንፃው አክሪሊክ የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቁ፤ የማይፈቅዱ አሉ።

አንቺ ከላይ እንደጻፍኩት እጅሽ የሚያርፍበት ሰዓት ያለሽ ሠራተኛ ነሽ፤ ሁለት መቀመጫና አንድ ካስክ ያዋጣሻል። ይህ ሁሉ ከጥፍር ጠረጴዛ ጋር 160 ስኩዌር ፊት ውስጥ ሲገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰው ትሆናላችሁ። ውሉስ በማን ስም ሊሆን ነው? አንዳችሁ ብትወልዱ ወይም ወደ ሌላ ስቴት ብትሄዱ የቀረችው 480 ዶላሩን ብቻዋን ትሸከማለች። በእኅትማማች መካከል ገንዘብ ሲገባ ቅሬታው ከገንዘቡ ይከብዳል። በዚያች 40 ዶላር እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ውል፣ የራሳችሁን ቁልፍ ትይዛላችሁ፤ ምሳችሁን አብራችሁ ብሉ።

አንድ ብቻ የተለየ ሁኔታ አለ። አንቺ ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ እሷ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከሁለቱም ውጪ አንድ መካከለኛ ክፍል ለሁለታችሁ ይበቃል። በዚያ ጊዜም አከራዩ ሁለታችሁንም በስማችሁ ውሉ ላይ ያስገባችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ፎልስ ቸርች ነው ያለሁት። የፊት ማጽዳት፣ ቅንድብና በሰም ፀጉር ማንሳት እሠራለሁ። 8 በ9 ፊት የሆነ መስኮት የሌለው ክፍል አለ፤ 60 ዶላር በሳምንት ጨምሬ 9 በ11 ባለ መስኮቱን ልይዝ እችላለሁ። አንድ አልጋ ብቻ ነው ያለኝ። ትንሹ አይበቃኝም?
*ከፎልስ ቸርች*

መልስ፦ ለአንቺ ትልቁን ነው የምመክርሽ፤ በመስኮቱ ምክንያት ግን አይደለም። አልጋሽ 6 ፊት ይረዝማል። አንቺ የምትሠሪው ከደንበኛሽ ራስ ጀርባ ተቀምጠሽ ስለሆነ ለወንበርሽና ለጉልበትሽ 3 ፊት ያስፈልጋል። 6 እና 3 ዘጠኝ ነው፤ የትንሹ ክፍል ርዝመት እዚያው አለቀ። በሩ ከእግርጌ በኩል ከሆነ ደንበኛሽ ስትገባ አልጋውን ትመታለች። 11 ፊት ሲሆን ግን ከእግርጌ 2 ፊት ይቀራል፤ ካፖርቷን ትሰቅላለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ሳትጨናነቅ ትወጣለች። ጭማሪው በዓመት 3,120 ዶላር ነው። የትንሹ በር ተንሸራታች ሆኖ በጎን በኩል ከገባና ሲንኩ ከራስጌ ካልሆነ ግን ትንሹን ያዢና ገንዘቡን አትርፊ።

መስኮት ለፊት ሥራ ብዙም አይጠቅምሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ ትጋርጂዋለሽ። ለቅንድብ የሚያስፈልግሽ የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ መብራት ነው፤ 5,000 ኬልቪን የሚል አምፖል ግዢ።

ከስፋቱ በላይ የአንቺን ሥራ የሚያበላሽ ጩኸት ነው። አንዳንድ ሕንፃ ላይ የክፍሎቹ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ የጎረቤት ፎንና የስልክ ወሬ በላይ በኩል ይገባል። ክፍሉን ማክሰኞ ጠዋት አሳይተውሽ ከሆነ ቅዳሜ እኩለ ቀን ተመልሰሽ እይው፤ በሩን ዘግተሽ ጥቂት ቆዪ። ሲንኩ ላይ ሙቅ ውሃው ምን ያህል ቆይቶ እንደሚመጣም ክፈቺና እይ፤ ፎጣ የምታሞቂው፣ እጅሽን በየደንበኛው መካከል የምትታጠቢው በዚያ ነው። በቨርጂኒያ በሰም ለሚሠራ ሰው የተለየ ፈቃድ ስላለ፣ ከፊት ሥራው ፈቃድ ጋር የትኛው እንደሚያስፈልግሽ የስቴቱን የፀጉር አስተካካዮችና የውበት ሙያተኞች ቦርድ ጠይቂ። የሳሎን ፈቃዱ በአከራዩ ስም ይሁን በአንቺ ስም መውጣት እንዳለበትም ያኔ አብረሽ ጠይቂያቸው፤ መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልሽ አድርጊና ውሉን የምትፈርሚ ቀን ይዘሽው ሂጂ።